ፊድ ዋተርና ኮንደንሴት፦ ዕቃው ከመገዛቱ በፊት የቱን ከየቱ እንምረጥ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ግድብ ነው። የእንፋሎት ኃይልም ግን አለን። ወንጂ፣ መተሐራና ፊንጫ ያሉት ስኳር ፋብሪካዎች ባጋስ፣ ማለትም ጭማቂው ወጥቶ የቀረውን የአገዳ ገለባ፣ አቃጥለው እንፋሎት ያወጣሉ፤ ተርባይን አዙረው የራሳቸውን መብራት ያመነጫሉ። አዲስ አበባ ረጲ ላይ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ማመንጫም ቆሻሻ እያቃጠለ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለ ቦይለሩና ስለ ተርባይኑ ብዙ ይወራል። ውሃውን ሰብስቦ፣ አጥርቶ፣ አሙቆ መልሶ ወደ ቦይለሩ ስለሚገፋው የፊድ ዋተርና ኮንደንሴት ክፍል ግን ብዙም አይወራም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰውም ከዚህ ነው። ይህ በጣም ይቆጨኛል። የቦይለር ቱቦ ሲቀደድ፣ የተርባይን ብሌድ ላይ ጨው ሲጋገር፣ መነሻው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነውና።

የምመክረው አንድ ነገር ነው። ከፓምፕ ካታሎግ አትጀምሩ፤ ከሚመለሰው ውሃ ጀምሩ። ውሃው ከየት ይመለሳል? ምን ይዞ ይመለሳል? ማን ይጠብቀዋል? ለእነዚህ መልስ ካላችሁ የሌላው ምርጫ ግማሹ አልቋል።

መንገዱ ባጭሩ ይህ ነው። እንፋሎቱ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ኮንደንሰር ገብቶ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይሆናል። ይህ ውሃ ኮንደንሴት ይባላል። ኮንደንሴት ፓምፑ ከኮንደንሰሩ ሥር ካለው ሆትዌል ይስበውና በማሞቂያዎች አሳልፎ ዲኤሬተር ያደርሰዋል። ዲኤሬተሩ ኦክስጅኑን ያስወጣለታል። ከዲኤሬተሩ ታንክ ወዲያ ስሙ ፊድ ዋተር ነው። ፊድ ፓምፑ ከቦይለሩ ግፊት በላይ አድርጎ ይገፋዋል። በመንገድ የጎደለው በሜክአፕ ውሃ ይተካል።

ኮንደንሰር፦ በውሃ ወይስ በአየር?

በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር የተሻለ ቫኪዩም፣ ማለትም ዝቅ ያለ ግፊት፣ ይሰጣል። 0.1 ባር ላይ (1 ባር በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት ያህል ነው) ሲሠራ እንፋሎቱ ውሃ የሚሆነው 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ግፊቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ከአንድ ኪሎ እንፋሎት የሚገኘው ኃይል ይጨምራል። ችግሩ ቱቦ ሲቀደድ ነው። ውስጡ ቫኪዩም ስለሆነ የማቀዝቀዣው ውሃ ወደ ኮንደንሴቱ ይሳባል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ጠረፍ ላይ በባሕር ውሃ ለሚቀዘቅዝ ማመንጫ ይህ ማለት ጨው ቀጥታ ወደ ቦይለር ገባ ማለት ነው። እዚያ ቲታኒየም ቱቦ ውድ ነው ብሎ መከራከር አይገባም፤ ይገዛ። ማቀዝቀዣው ጨው የሌለው የወንዝ ውሃ ከሆነ ግን ስቴንለስ ስቲል ይበቃል።

ውሃ በሌለበት መልሱ አየር ነው። ደቡብ አፍሪካ ሊምፖፖ ውስጥ ያለው ማቲምባ የተባለ ማመንጫ እያንዳንዳቸው 665 ሜጋዋት የሆኑ 6 ዩኒቶች አሉት። ሁሉንም የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። ስለዚህ በትልቅ ደረጃም ይሠራል። ሆኖም ቀኑ ሲሞቅ ቫኪዩሙ ይደክማል፤ ፋኖቹም ራሳቸው ኃይል ይበላሉ። ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገርም አለ። የአየር ኮንደንሰር እጅግ ሰፊ የካርቦን ስቲል ገጽ አለው። እርጥብ እንፋሎት ይህን ገጽ እየሸረሸረ ኮንደንሴቱ ብረት ይዞ ይመለሳል። አየር ከመረጣችሁ ፒኤቹን (የውሃውን አሲዳማነት የሚያሳየውን ቁጥር) ወደ 9.8 ከፍ ማድረግንና የብረት ፊልተርን አብራችሁ በጀት ውስጥ አስገቡ።

የስኳር ፋብሪካ ኮንደንሴት፦ የቱ ይመለስ፣ የቱ ይቅር?

ይህን ክፍል አገር ቤት ስኳር ፋብሪካ የሚሠራ ሁሉ ቀስ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

በስኳር ፋብሪካ ብዙው እንፋሎት ኮንደንሰር አይገባም። ከተርባይኑ ወጥቶ ወደ ኢቫፖሬተር ይሄድና የአገዳውን ጭማቂ ያፈላል። እዚያው ውሃ ሆኖ ይመለሳል። የመጀመሪያው ኢቫፖሬተር ኮንደንሴት የተርባይኑ እንፋሎት ራሱ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱም ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ከሁለተኛው ጀምሮ ያለው ግን ከጭማቂው ከተነሣ ተን የሚገኝ ነው። ስኳር፣ አሞኒያና ኦርጋኒክ አሲዶች ሊኖሩበት ይችላሉ።

የመጀመሪያውን በሙሉ መመለስ አከራካሪ አይደለም። የፊድ ዋተር ሙቀት በ6 ዲግሪ ገደማ ከፍ ባለ ቁጥር 1 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጠባል። 30 ዲግሪ ሆኖ በሚገባ ሜክአፕ ፋንታ 100 ዲግሪ ያለው ኮንደንሴት ቢገባ ትርፉ ከ10 በመቶ ያልፋል። ሜክአፑን ለማጣራት የሚገዛው ጨውና ኬሚካልም ይቆጠባል። የሁለተኛውና ከዚያ ወዲያ ያለው ኮንደንሴት ለማጠቢያና አገዳው ሲጨመቅ ለሚረጨው ሙቅ ውሃ ይሁን። 20 ባር አካባቢ ለሚሠራ አሮጌ ቦይለር ሲቸግር በጥብቅ ምርመራ ሊገባ ይችላል። ከ60 ባር በላይ ለሆነ ቦይለር ግን እኔ አልፈቅድም።

አሁን ወደ ጥበቃው። ብዙ ቦታ መስመሩ ላይ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር (ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ የሚለካ) ተገጥሞ ነገሩ እንዳለቀ ይታሰባል። አላለቀም። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የገባው ጥሬ ጭማቂ ከሆነ አብረውት ያሉት ማዕድናት ንባቡን ከፍ ያደርጉታልና ይታወቃል። የጠራ የስኳር ሙሙት ሲሆን ግን መለኪያው ምንም ሳይነቃነቅ ያልፈዋል። ቦይለሩ ውስጥ ስኳሩ በሙቀት ተሰባብሮ አሲድ ይሆናል። ፒኤች ይወርዳል። ውሃው ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል። አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ተጉዞ ተርባይኑ ላይ ይደርሳል።

ለዚህ የቆየውና የማይተካው መንገድ የአልፋ ናፍቶል ምርመራ ነው። ትንሽ ኮንደንሴት በቴስት ቲዩብ ተቀድቶ ይቀዘቅዛል። ጥቂት ጠብታ አልፋ ናፍቶል ይጨመርበታል። ከዚያ ቲዩቡን ዘንበል አድርጎ ያልተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ በግድግዳው ዳር ቀስ ብሎ ማንቆርቆር ነው። አሲዱ ስለሚከብድ ሥር ይቀመጣል። ስኳር ካለ ሁለቱ በሚገናኙበት ላይ ሐምራዊ ቀለበት ይወጣል። ቀለበቱ በደመቀ ቁጥር ስኳሩ በዝቷል። ጓንትና መነጽር ግዴታ ነው፤ አሲዱ ቀልድ አያውቅም።

ታዲያ የቱ ይመረጥ? ሁለቱም። ኮንዳክቲቪቲ ሜትሩ ከፍ ሲል በራሱ ውሃውን ወደ ውጭ ከሚያዞር ቫልቭ ጋር ይገናኝ። ላቦራቶሪው በየሰዓቱ አልፋ ናፍቶል ይሥራ። ገንዘብ ካለ ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን የሚለካ መሣሪያ መስመሩ ላይ ይጨመር፤ ስኳሩን ያለ ሰው እጅ የሚያሳየው እሱ ነው። በጀቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ቅድሚያው ለሚያዞረው ቫልቭ ነው። ምርመራው ችግሩን ቢያሳይ እንኳ ውሃው መሄጃ ከሌለው ምን ይጠቅማል?

ዲኤሬተር፦ ትሬይ ያለው ወይስ ስፕሬይ ብቻ?

አየር ያገኘው ቀዝቃዛ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም አካባቢ ኦክስጅን ይይዛል። ጥሩ ዲኤሬተር ይህን ወደ 0.007 ሚሊግራም ያወርደዋል። ሁለቱም ዓይነት በሙሉ ጭነት ይህን ቁጥር ይሰጣሉ። ስለዚህ አቅራቢው ወረቀት ላይ የሚጽፈውን የሙሉ ጭነት ቁጥር ብቻ አትዩ። በ30 በመቶ ጭነት ስንት እንደሚሰጥ ጠይቁ።

ትሬይ ያለው ውሃውን በተደራረቡ ሳህኖች ላይ ቀጭን አድርጎ ያንጠባጥበዋል። ጭነት ሲወርድም ሆነ የሚገባው ውሃ ሙቀት ሲለዋወጥ ብዙም አይረበሽም። ድክመቱ ትሬዮቹ ናቸው። ግፊት በድንገት ሲወድቅ ውሃው ይፈላና ትሬዮቹን ከቦታቸው ያነሣቸዋል። ስፕሬይ ብቻ የሆነው፣ ማለትም ውሃውን በመርጨት ብቻ የሚሠራው፣ ቀለል ያለና ርካሽ ነው፣ ለጥገናም አይከብድም። ግን በደንብ እንዲሠራ የሚገባው ውሃ ከእንፋሎቱ በደንብ ቀዝቀዝ ያለ መሆን አለበት። በስኳር ፋብሪካ ደግሞ ኮንደንሴቱ ትኩስ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ነው ለስኳር ፋብሪካ ትሬይ ያለውን የምመርጠው። ጭነቱ ለማይለዋወጥ፣ ብዙ ቀዝቃዛ ሜክአፕ ለሚጠቀም ቦታ ስፕሬዩ በቂ ነው።

የቱንም ብትገዙ ሁለት ነገር አትርሱ። አናቱ ላይ ያለው ቬንት (የጋዝ ማስወጫ) ሁልጊዜ ጥቂት እንፋሎት ማውጣት አለበት። ይህን እንደ ብክነት አይቶ የሚዘጋ ሰው ኦክስጅኑን ውስጥ ቆለፈበት ማለት ነው። ሌላው የታንኩ ብየዳ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ታንኮች ከፈነዱ በኋላ በተደረገ ፍተሻ በብዙ የዲኤሬተር ታንኮች ብየዳ ላይ ስንጥቅ ተገኝቷል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ብየዳው ከውስጥ በኩል በማግኔቲክ ፓርቲክል (ስንጥቅን በማግኔትና በብረት ብናኝ በሚያሳይ ዘዴ) እንዲመረመር ዕቅድ ውስጥ ይግባ፤ ሰው ገብቶ የሚሠራበት በቂ የመግቢያ በር እንዲኖረውም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ፊድ ፓምፕ፦ ምን ያዙረው?

እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ያወራሉ። በቁጥር እንሂድ። በሰዓት 60 ቶን እንፋሎት የሚያወጣ፣ 65 ባር የሚሠራ ቦይለር እንውሰድ። የቱቦውንና የቫልቩን ኪሳራ ጨምሮ ፓምፑ 80 ባር ያህል መስጠት አለበት። ብቃቱ 70 በመቶ ከሆነ ፓምፑ ወደ 200 ኪሎዋት ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ ጭነት ስለሆነ ቀላል ሒሳብ አይደለም።

ርካሹ አማራጭ ፍጥነቱ የማይለወጥ ሞተርና መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ጭነት ሲወርድ ቫልቩ ጠበብ ይላል፤ ትርፉ ግፊት ቫልቩ ላይ ይባክናል። ሁለተኛው የሞተሩን ፍጥነት የሚለውጥ ኤሌክትሮኒክ ድራይቭ ነው። ሦስተኛው በሞተሩና በፓምፑ መካከል ገብቶ ኃይሉን በዘይት አማካይነት እያስተላለፈ ፍጥነቱን የሚለውጥ የዘይት ካፕሊንግ ነው። አራተኛው ፓምፑን በትንሽ የእንፋሎት ተርባይን ማዞር ነው።

የኤሌክትሮኒክ ድራይቭ ሻጭ ሲመጣ ኃይል ከፍጥነት ጋር በኪዩብ (ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ) ይወርዳል ይላል። ለፋን እውነት ነው። ለፊድ ፓምፕ ግን ጠንቀቅ በሉ። የቦይለሩ 65 ባር ጭነት ስለወረደ አይወርድም። ከ80ው ባር ከፍሰት ጋር የሚቀንሰው 15ቱ ብቻ ነው። ፍሰቱ ወደ 70 በመቶ ሲወርድ የሚያስፈልገው ግፊት 72 ባር አካባቢ ነው። ፍጥነቱ የማይለወጥ ፓምፕ በዚያ ፍሰት 88 ባር ቢሰጥ ልዩነቱ 16 ባር ነው፤ ቁጠባውም 18 በመቶ ገደማ። ከዚያ ላይ የድራይቩ የራሱ ኪሳራ ይቀነሳል። ጥሩ ቁጠባ ነው፣ ግን በኪዩብ አይደለም። ግፊቱን ከጭነቱ ጋር ዝቅ እያደረገ ለሚሠራ ትልቅ ማመንጫ ቁጠባው በጣም ይበልጣል። ሁልጊዜ 95 በመቶ ላይ ለሚሠራ ቦይለር ግን ድራይቩ ዋጋውን ላይመልስ ይችላል። ውሳኔው የእናንተን ያለፈ ዓመት የጭነት ሪከርድ ማየት ይፈልጋል።

የዘይት ካፕሊንግ ጠንካራ ነው፣ አቧራና ሙቀት ይችላል። ፍጥነት ሲወርድ ግን በሙቀት መልክ ያባክናል፤ ለዘይቱም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ጥሩ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ በቅርብ በሌለበት ቦታ ካፕሊንጉን ብትመርጡ አልፈርድባችሁም።

በተርባይን የሚዞር ፓምፕን በተመለከተ ግን አቋሜ ጠንካራ ነው። ባጋስ የሚያቃጥል ቦይለር ካላችሁ ከፓምፖቹ አንዱ በእንፋሎት የሚዞር ይሁን። መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹ ሁሉ ይቆማሉ። ግሬቱ (ነዳጁ የሚነድበት የብረት ወለል) ላይ ያለው ባጋስ ግን መንደዱን አያቆምም። እንፋሎት ይወጣል፣ የድራሙ (ቦይለሩ ላይ ውሃና እንፋሎት የሚለያዩበት በርሜል) ውሃ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት ውሃ የሚገፋ ፓምፕ ከሌለ ቱቦዎቹ ይቃጠላሉ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር ኮድም ጠጣር ነዳጅ በግሬት ለሚያቃጥል ቦይለር ከአንድ በላይ የውሃ ማስገቢያ መንገድ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ከዚህ ትንሽ ተርባይን የሚወጣው እንፋሎትም አይባክንም፤ ዲኤሬተሩን ወይም ኢቫፖሬተሩን ያሞቃል።

ስንት ፓምፕ? ለትንሽ ማመንጫ እያንዳንዱ ሙሉውን ጭነት የሚችል 2 ፓምፕ ይበቃል። ለትልቅ ዩኒት እያንዳንዱ ግማሹን የሚችል 3 የተለመደ ነው። ዲኤሬተሩ ከፓምፑ በላይ ከፍ ብሎ መሰቀሉንም ስዕሉ ላይ አረጋግጡ። ውሃው ሊፈላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ ከላይ የሚጫነው የውሃ ቁመት ካነሰ ፓምፑ መግቢያ ላይ ይፈላና ኢምፔለሩን (ውሃውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ ክፍል) ይበላዋል። ለድራሙ የውሃ መጠን ቁጥጥር ደግሞ ጭነቱ ለሚለዋወጥ ቦታ ሦስቱንም፣ የድራሙን ውሃ፣ የእንፋሎቱን ፍሰትና የፊድ ዋተሩን ፍሰት፣ የሚያይ ይሁን። የድራሙን ውሃ ብቻ የሚያየው ጭነት በድንገት ሲጨምር ይታለላል፤ ውሃው በአረፋ ተነፍቶ ሲያይ ሞልቷል ብሎ ፊድ ዋተሩን ይቀንሳል።

ፖሊሸር ይገባ ወይስ አይገባ?

ኮንደንሴት ፖሊሸር በሬዚን (ጨው በሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች) አማካይነት ጨውን የሚለቅም ማጣሪያ ነው። ድራም ለሌለው ከፍተኛ ግፊት ቦይለር የግድ ነው። በባሕር ውሃ ለሚቀዘቅዝም ይመከራል። ለ60 ባር የፋብሪካ ቦይለር አያስፈልግም፤ ገንዘቡ ለጥሩ ሜክአፕ ማጣሪያ ይዋል። ካስገባችሁ ግን በራሱ የሚከፈት ባይፓስ (ፖሊሸሩን የሚያልፍ መስመር) ይኑረው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አደጋ የጀመረው ሠራተኞች በፖሊሸሩ ውስጥ የተዘጋ ሬዚን ለማስለቀቅ ሲሞክሩ ፍሰቱ ተቋርጦ ፊድ ፓምፖቹ በመቆማቸው ነው።

ኬሚካሉ፦ ሰልፋይት፣ ሃይድራዚን ወይስ ምንም?

ከዲኤሬተር የተረፈችውን ኦክስጅን ለመያዝ ኬሚካል ይጨመራል። ሶዲየም ሰልፋይት ርካሽ ነው፣ ለሰውም አያሰጋም። ለ1 ኪሎ ኦክስጅን ወደ 8 ኪሎ ይፈልጋል፤ ከኦክስጅኑ ጋር ከተዋሐደ በኋላም ጨው ሆኖ ቦይለሩ ውስጥ ይቀራል። ከ60 ባር ወዲያ ደግሞ ተሰባብሮ አሲዳማ ጋዝ ይሰጣል። ሰልፋይት የገባበት ፊድ ዋተር እንፋሎት ለማቀዝቀዝ ከተረጨ ጨዉ በቀጥታ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል። ስለዚህ ለዝቅተኛ ግፊት ብቻ ነው። ሃይድራዚን ጨው አይተውም፤ የሚቀረው ናይትሮጅንና ውሃ ነው። ግን መርዛማ ነው፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎም ይፈራል። እንፋሎቱ ከምግብ ጋር በሚነካካበት ቦታ አይታሰብም። ካርቦሃይድራዛይድ ለአያያዝ የተሻለ ቢሆንም ሲሞቅ ሃይድራዚን ስለሚያወጣ ለምግብ ፋብሪካ መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛው ምርጫ፣ ምንም አለመጨመር፣ ብዙ የቆዩ መሐንዲሶችን ያስደነግጣል። ግን ውሃው እጅግ ንጹሕ ከሆነ፣ መስመራችሁ ውስጥ መዳብ ያለው ማሞቂያ ከሌለና ሁሉም ብረት ከሆነ ትክክለኛው ይህ ነው። ብረት ራሱን የሚጠብቅበት ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን አለው። ኦክስጅን ፈጽሞ ሲጠፋ በፍጥነት የሚሄድ ሙቅ ውሃ ይህን ሽፋን እያሟሟ ይወስደዋል፤ ብረቱ ከውስጥ ይሳሳል። በጣም የሚጠናው 150 ዲግሪ አካባቢ፣ በክርኖች (ቱቦው በሚታጠፍባቸው ቦታዎች)፣ ከኦሪፊስ (ቱቦ ውስጥ ከሚገባ ቀዳዳ ያለው ሳህን) እና ከቫልቭ ቀጥሎ ባሉ ቦታዎች ነው። ፒኤቹን በአሞኒያ ከ9.2 በላይ ይዞ፣ ጥቂት ኦክስጅን ትቶ መሥራት ይሻላል። መዳብ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አሞኒያና ኦክስጅን ሲገናኙ መዳብን ይበላሉ። ለዚህ ነው አዲስ ማመንጫ ስትገዙ መዳብ ያለበት ማሞቂያ እንዳይገባ የምመክረው።

ይህ የብረት መሳሳት ሰው ገድሏል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1986 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ሰሪ በተባለው ማመንጫ የፊድ ፓምፕ መግቢያ ክርን ፈንድቶ 4 ሠራተኞች ሞቱ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2004 ጃፓን ውስጥ በሚሃማ ማመንጫ 3ኛ ዩኒት ላይ ከኦሪፊስ ቀጥሎ ያለ የኮንደንሴት ቱቦ ፈንድቶ 5 ሰዎች ሞቱ። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር የነበረው ብረት በስስ ቦታው ከ1 ሚሊሜትር በታች ደርሶ ነበር። ውሃው 140 ዲግሪ ነበር። ማመንጫው እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ከጀመረ አንሥቶ ያ ቦታ አንድም ጊዜ አልተለካም፤ ከፍተሻ ዝርዝሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም የኑክሌር ማመንጫዎች ናቸው፤ የፈነዳው ግን ማንኛውም የእንፋሎት ማመንጫ ያለው ተራ የካርቦን ስቲል ቱቦ ነው።

ስለዚህ ውል ስትፈርሙ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ከዲኤሬተር በፊትና በኋላ ያሉ ክርኖችና ከመቆጣጠሪያ ቫልቭ ቀጥሎ ያሉ ቱቦዎች 1.25 በመቶ ክሮሚየም ባለው ብረት ይሠሩ። ክሮሚየሙ ይህን መሳሳት ያቆመዋል ማለት ይቻላል፤ ለእነዚያ ጥቂት ሜትሮች የሚጨመረው ዋጋም ትንሽ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ክርን፣ ኦሪፊስና ቲ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውፍረቱ በአልትራሳውንድ ተለክቶ፣ ዝርዝሩ ከስዕሉ ጋር አብሮ ይረከብ። ርክክቡ ላይ ዝርዝሩን ይዛችሁ መስመሩን በእግር ሂዱበት። ቁጥር የሌለው ክርን ካገኛችሁ ተለክቶ ዝርዝሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ አትፈርሙ።